ጌጥ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ኩባያ የሚሠራበት አኳኋን
ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ የሙያ ትምህርት

ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በኩታበርና በአካባቢዋ ባሉት የገበያ ከተሞች ከባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከማይታጡት ሸቀጦች አንዱ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። በቀድሞው ዘመን ጠላውም ሆነ ውኃው በሽክና፣ በቀንድ ዋንጫና በሸክላ ዕቃ ይቀርብ ነበር። ከዚያም ጣሳና የኢናሜል ቅብ ያለው የብረት ኩባያ ከባሕር ማዶ እየመጣ ቦታውን ያዘ። ዛሬ ደግሞ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ከብዙው ሰው ዐቅም የማያልፍ፣ በአበባና በሐረግ ያጌጠ የፕላስቲክ ኩባያ በከተማም በገጠርም ቤት ገብቷል።

ይሁን እንጂ ሁለት ኩባያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በዓይን ብቻ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ወደ ቤት ከገቡ በኋላ ግን አንደኛው ለብዙ ዓመት ሲያገለግል፣ ሁለተኛው አበባው ከጥቂት እጥበት በኋላ ይለቃል፤ እጀታው ይገነጠላል፤ አፉም ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ገዢው የሚወቅሰው የማያውቀውን ፋብሪካ ሳይሆን ዕቃውን የሸጠለትን ባለ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ በበኩሉ አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩም አስመጪውን ይወቅሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአንድ ዶላር መግዣ ቀድሞ ከነበረው እጅግ ስለ ጨመረ፣ የማይረባ ዕቃ በማስመጣት የሚደርሰው ኪሣራ የዚያኑ ያህል ከብዷል።

ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የዚህን ኩባያ አሠራር ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ ማወቅ ለነጋዴው የትርፍና የኪሣራ ጉዳይ ነው። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ ምን ብሎ እንደሚጽፍ፣ ናሙና ሲቀርብለት ምኑን እንደሚመረምር፣ ዋጋ ሲጠየቅም ስለ ምን እንደሚከፍል ያውቃል።

፩. የጥበቡ አመጣጥ

የቀለጠ ፕላስቲክን በግፊት ወደ ዝግ ቅርጽ አስገብቶ ዕቃ ማውጣት በፋብሪካ ሰዎች ዘንድ «ኢንጄክሽን» ይባላል። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መኪና ጆን ዌስሊ ሃያትና ወንድሙ አይዛያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኙበት ነው። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት ቁስ ሴሉሎይድ ሲሆን፣ የታሰበውም ለዝሆን ጥርስ ምትክ እንዲሆን ነበር። በ1946 ደግሞ ጄምስ ዋትሰን ሄንድሪ የሚባለው አሜሪካዊ ፕላስቲኩን በሚሽከረከር ብሎን እያቦካ የሚገፋውን መኪና ሠራ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራበት የኢንጄክሽን መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው።

ለኩባያው ጥንካሬ ከሁሉ የበለጠ አስተዋጽኦ ያደረገው ግን የጥሬ ዕቃው መገኘት ነው። በ1954 ጁሊዮ ናታ የተባለው የኢጣሊያ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ጀርመናዊው ካርል ሲግለር ባገኘው ቀስቃሽ ንጥረ ነገር መነሻነት፣ ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ጠጣር ፕላስቲክ አስገኘ። ሁለቱም ሊቃውንት ስለ ሥራቸው በ1963 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በገበያ ከሚታዩት ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግና ኩባያ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከዚሁ ቁስ ነው።

፪. ስለ ጥሬ ዕቃው

ጥሬ ዕቃው ከምስር ፍሬ በማይበልጥ እንክብል መልክ በ25 ኪሎ ግራም ከረጢት ታሽጎ ይመጣል። ለኩባያ የሚውሉት ዓይነቶች በባሕርያቸው የተለያዩ ስለ ሆኑ ነጋዴው ቢያንስ የሚከተሉትን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ፖሊፕሮፒሊን፦ ከዕቃው ሥር በሦስት ማእዘን ምልክት ውስጥ በ5 ቁጥር ይታወቃል። የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለ ሆነ የፈላ ውኃ አይበግረውም፤ ዘይትና ሳሙናም አይጎዳውም። ጉድለቱ ተራው ዓይነት ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ድርቅ ማለቱና ሲወድቅ መሰንጠቁ ነው። ይህም ለቆላ አገር ብዙ የማያሳስብ ቢሆንም፣ የደጋው ሌሊት ብርድ ለሚበረታባቸው ለደሴና ለኩታበር አካባቢ ገበያ መታሰብ አለበት። መፍትሔውም «ኮፖሊመር» የተባለውን፣ ከኢታይሊን ጋር ተዋሕዶ ብርድና መውደቅን እንዲችል የተደረገውን ዓይነት ማዘዝ ነው። ትእዛዝ ሲጻፍ «ፖሊፕሮፒሊን» ብሎ ማለፍ ሳይሆን «መውደቅን የሚችል ኮፖሊመር» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ፖሊስታይሪን፦ ቁጥሩ 6 ነው። እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ የሚያብለጨልጭና ርካሽ ስለ ሆነ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ደረቅ በመሆኑ ሲወድቅ ይሰበራል፤ ዘይትና ቅቤ ሲነካውም ከጊዜ በኋላ በጥቃቅን ስንጥቅ ይወረሳል። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋም ይልማል። ውኃ በደሴ ከፍታ፣ ማለት ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል በሆነ ስፍራ፣ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ሙቀት ፖሊስታይሪን ለሻይና ለቡና እንዳይታመን ለማድረግ በቂ ነው።

ፖሊካርቦኔት፦ በ7 ቁጥር ከሚመደቡት አንዱ ነው። እጅግ ጠንካራና የጠራ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ከመሠራቱ በፊት በ120 ዲግሪ ገደማ ለጥቂት ሰዓታት መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ካለበት ኩባያው በብርማ ጭረት ይበላሻል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። ከዚህም ሌላ ቢስፌኖል ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ስላለበት በብዙ አገር ለምግብ ዕቃ እንዳይውል ደንብ እየጠበቀበት ሄዷል።

ሜላሚን፦ ይህ በገበያ ከፕላስቲክ ኩባያ ጋር ቢደባለቅም አሠራሩ የተለየ ነው። ሌሎቹ ሲሞቁ የሚቀልጡና እንደገና የሚቀረጹ ሲሆኑ፣ ሜላሚን ግን በሙቅ መጭመቂያ ውስጥ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ ዳግም አይቀልጥም። ከሸክላ ሳሕን ጋር የሚመሳሰልና ጌጡም የሚያምር ዕቃ ነው። ሆኖም የጀርመን መንግሥት የአደጋ ምዘና ተቋም ከ70 ዲግሪ በላይ ለሞቀ መጠጥና ምግብ እንዳይውል መክሯል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ፎርማልዲሃይድ የተባለው ንጥረ ነገር ወደ መጠጡ ያልፋልና። በሜላሚን ስም ከዩሪያ የተሠራ የባሰ ርካሽ ዕቃም ስለሚሸጥ አስመጪው መጠንቀቅ አለበት።

፫. ኩባያው በመኪናው ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ

የኢንጄክሽን መኪና ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚገፋው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞልዱን የሚዘጋና የሚከፍት ነው። ሞልድ ማለት ከብረት የተቀረጸው የኩባያው ቅርጽ ሲሆን፣ አንደኛው ክፍል የኩባያውን የውጭ ገጽ፣ ሁለተኛው ክፍል የውስጡን ገጽ ያወጣል። ሁለቱ ሲገጠሙ በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ስፍራ የኩባያው ግድግዳ ይሆናል።

ሥራው በሚከተለው ተራ ይፈጸማል። በመጀመሪያ እንክብሉ ከቀለሙ ጋር ተደባልቆ ከላይ ባለው አፈ ሰፊ ዕቃ ይጨመራል። ከዚያ በጋለ ቱቦ ውስጥ የሚሽከረከረው ብሎን እያሸና እያቦካ ወደ ፊት ይወስደዋል። ፖሊፕሮፒሊን በዚህ ቱቦ ውስጥ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። ሁለተኛ፣ ሞልዱ በብርቱ ኀይል ይዘጋና ብሎኑ እንደ መርፌ ገፊ ወደ ፊት ሄዶ የቀለጠውን ፕላስቲክ ከተራው የአየር ግፊት በብዙ መቶ እጥፍ በበለጠ ግፊት ወደ ሞልዱ ያስገባዋል። ሦስተኛ፣ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ብሎኑ ለጥቂት ሴኮንድ ግፊቱን ሳይለቅ ተጨማሪ ይመግበዋል። ፖሊፕሮፒሊን ከመቶ 1 እስከ 2.5 ያህል ይኮማተራልና፣ ይህ ካልተደረገ ኩባያው ይጎደጉዳል ወይም ይጣመማል። አራተኛ፣ በሞልዱ ብረት ውስጥ በተቦረቦሩት መንገዶች የሚያልፈው ቀዝቃዛ ውኃ ሙቀቱን ይወስዳል። በመጨረሻም ሞልዱ ተከፍቶ ኩባያው በገፊ ብረት ወይም በአየር ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ማቀዝቀዙ ነው። የግድግዳው ውፍረት እጥፍ ሲሆን የማቀዝቀዣው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። የ2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ከ7 እስከ 8 ሴኮንድ ሲበቃው፣ የ3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ 16 ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። መክፈቻውና መዝጊያው ተጨምሮ አንዱ ዙር በ15 ሴኮንድ ቢያልቅና ሞልዱ በአንድ ጊዜ ሁለት ኩባያ የሚያወጣ ቢሆን፣ በሰዓት 480 ኩባያ ይገኛል ማለት ነው። ስለዚህ ኩባያን በማወፈር ብቻ አጠነክራለሁ የሚል ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውንም ጊዜውንም ያባክናል።

የመኪናው ትልቅነት የሚለካው ሞልዱን በሚዘጋበት ኀይል ነው። ለተራ ኩባያ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ300 እስከ 500 ኪሎ ግራም የሚሆን ኀይል ቢታሰብ፣ የአፉ ስፋት 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩባያ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስላለው ከ15 እስከ 25 ቶን ይጠይቃል። ሁለት ኩባያ በአንድ ጊዜ ለማውጣት ከነእጀታውና ከነመጠባበቂያው ከ60 እስከ 80 ቶን የሚሆን መኪና ይበቃል። ኀይሉ ካነሰ ሞልዱ በጥቂቱ ተከፍቶ በኩባያው አፍ ላይ ከንፈር የሚቆርጥ ትርፍ ጠርዝ ይወጣል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ በቱቦው ውስጥ የቀረው ፕላስቲክ ይረጋል፤ እንደገና ሲሞቅም ከግድግዳው ጋር ሲጋገር የቆየው እየተላቀቀ በኩባያው ላይ ቡናማና ጥቁር ነጥብ ያሳያል። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ፕላስቲክ ወደ ሞልዱ ሳይገባ ወጥቶ መጣል ይኖርበታል።

፬. የኩባያው ጥንካሬ የሚመጣበት ምክንያት

ጥንካሬ ከጥሬ ዕቃው በቀር ከቅርጹ ይመጣል። አንደኛው ደንብ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት እንዲኖረው ማድረግ ነው። ወፍራሙ ክፍል ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ስስ የሆነውን ስለሚስበው በዕቃው ውስጥ የማይታይ ውጥረት ይቀራል፤ ኋላም ሙቅ ውኃ ሲገባበት ወይም ሲወድቅ በዚያው ስፍራ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ደንብ ሹል ማእዘን እንዳይኖር ነው። የኩባያው ሥር ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት የውስጥ ማእዘን ክብ ሆኖ፣ የክቡ መጠን ቢያንስ የግድግዳውን ውፍረት ግማሽ ሊያህል ይገባል። በሥሩ ዙሪያ የሚደረገው ቀለበት መሰል እግርም ኩባያው በጠረጴዛ ላይ እንዳይንቀጠቀጥ ያደርገዋል። አፉን ወደ ውጭ በጥቂቱ መጠቅለል ደግሞ ግድግዳው ሳይወፍር ያጠነክረዋል፤ ለከንፈርም ይመቻል።

ሦስተኛው የፕላስቲኩ መግቢያ ነው። መግቢያው በኩባያው ሥር መካከል ሲሆን ፕላስቲኩ በዙሪያው እኩል እየወጣ አፉ ላይ ይደርሳል። መግቢያው ከጎን ከሆነ ግን ፕላስቲኩ በሁለት በኩል ዞሮ ከወዲያኛው ጎን ይገናኛል፤ የተገናኘበትም መስመር እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ይታያል። ይህ መስመር ከሌላው ክፍል የደከመ ነው። በእጀታው ላይ ከላይና ከታች የሚመጣው ፕላስቲክ ስለሚገናኝ መስመሩን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ ነገር ግን ሞልዱና ፕላስቲኩ በቂ ሙቀት ካላቸው በደንብ ይዋሐዳል። እጀታው ከግንዱ ላይ የሚገነጠልባቸው ኩባያዎች አብዛኛውን ጊዜ በቀዘቀዘ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ሠራተኛው ዙሩን ለማፋጠን ሙቀቱን ሲቀንስ ጉዳቱ የሚገለጠው ከገዢው ቤት ነው።

አራተኛው ፀሐይ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ለፀሐይ ጨረር የሚረዳው ነገር ካልተጨመረበት ውሎ አድሮ ይነጣል፤ እንደ ደረቅ ቅጠልም ይፈረካከሳል። በከፍተኛ ስፍራ ጨረሩ ስለሚበረታ፣ በገበያ ቀን ዕቃውን ሜዳ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ነጋዴ ሸቀጡ ሳይሸጥ ሊያረጅበት ይችላል። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያ የተጨመረበት መሆኑን በትእዛዙ ላይ ማጻፍና ሸቀጡን በጥላ ማዋል ጥበብ ነው።

፭. ጌጡ ሳይለቅ እንዲኖር

ለኩባያ ጌጥ የሚሰጥባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በጥንካሬያቸው ቅደም ተከተል ሲታዩ እንደሚከተለው ናቸው።

ሀ. በሞልዱ ላይ የተቀረጸ ጌጥ። የሐረጉ ወይም የመሶቡ ጥለት በብረቱ ላይ ይቀረጽና በኩባያው ገጽ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቅርጽ እንኳ በዓይንም በጣትም ይታወቃል። ይህ ጌጥ ከኩባያው አካል የተለየ ስላይደለ አይለቅም፤ የሚንሸራተተውንም እጅ ይይዛል። ጉድለቱ አንዴ ከተቀረጸ ጥለቱን ለመለወጥ ሌላ ሞልድ መሥራት ማስፈለጉ ነው።

ለ. ከጥሬ ዕቃው ጋር የተደባለቀ ቀለም። «ማስተርባች» የተባለው ያደረ ቀለም ከመቶ 1 እስከ 4 ያህል ከእንክብሉ ጋር ይጨመራል። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ስለሚዘልቅ ቢፋቅም አይጠፋም። ሁለት ቀለም በሁለት ዙር እየተገፋ የሚሠራበት መኪናም አለ፤ ውስጡ ነጭ ውጭው ቀይ የሆነው ኩባያ የዚህ ዓይነት ነው።

ሐ. በሞልድ ውስጥ የሚለጠፍ ሥዕል። ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ውፍረት ባለው የፖሊፕሮፒሊን ስስ ሽፋን ላይ ሥዕሉ ይታተማል። ሽፋኑ ከሞልዱ ግድግዳ ላይ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ወይም በአየር መሳብ ተይዞ ይቆያል፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ሲገባ ሁለቱ ተቃልጠው አንድ አካል ይሆናሉ። ሥዕሉ የጠራ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል፤ ጥለት መለወጥም ሌላ ሽፋን ማሳተም ብቻ ነው። ሽፋኑና ኩባያው አንድ ቁስ ስለ ሆኑ ዕቃው ሲያረጅ አብረው ሊፈጩ ይችላሉ።

መ. ከተሠራ በኋላ የሚታተም ጌጥ። ይህ በገበያ የሚበዛው፣ ብዙ ክርክርም የሚያስነሣው ነው። ፖሊፕሮፒሊን በባሕርዩ ሰም ይመስላል፤ ቀለም አይቀበልም፣ ውኃም በላዩ ላይ እንደ ጠል ይንከባለላል። ቀለሙ እንዲይዝ ከመታተሙ በፊት የኩባያው ገጽ ለቅጽበት በጋዝ ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ማለፍ አለበት። ይህ ካልተደረገ ቀለሙ ሲደርቅ ያማረ ይመስላል እንጂ በጥፍር ይነሣል። ነበልባሉ የሰጠው ባሕርይም ከጊዜ ብዛት ስለሚደክም ኅትመቱ ሳይዘገይ መከተል ይገባዋል።

ሠ. ከላይ የሚለጠፍ ወረቀት። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለሚታጠብ ኩባያ ጌጥ ሊባል አይገባውም።

በማናቸውም መንገድ ቢሆን ጌጡ ከአፉ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲጀምር ማዘዝ ይሻላል፤ ከንፈር የሚነካው ስፍራ ከኅትመት ቀለም ነጻ ይሆናልና። ደማቅ ብጫና ደማቅ ቀይ ቀለሞች በእርሳስና በካድሚየም የተሠሩ እንዳይሆኑም ከሻጩ የጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልጋል።

፮. ባለ ሱቁ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ምርመራዎች

ባለ ሱቁ ቤተ ሙከራ ባይኖረውም ከአንድ ካርቶን ሁለትና ሦስት ኩባያ መሥዋዕት አድርጎ ብዙ ነገር ሊያውቅ ይችላል።

አንደኛ፣ የመንሳፈፍ ምርመራ። ከኩባያው ትንሽ ስባሪ ተቆርጦ በውኃ ውስጥ ይጣል። ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ የቀለለ በመሆኑ ይንሳፈፋል፤ ፖሊስታይሪን ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ሜላሚን እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ከሥሩ 5 ቁጥር ተጽፎበት ሳለ የሚሰምጥ ከሆነ ለማርከስ ሲባል ኖራ ወይም ሌላ የድንጋይ ዱቄት በብዛት ተጨምሮበታል፤ ወይም ቁጥሩ ሐሰት ነው።

ሁለተኛ፣ የመጭመቅ ምርመራ። የኩባያውን አፍ በሁለት እጅ ሞላላ እስኪሆን ድረስ መጭመቅ። ደህናው ተመልሶ ይከብባል፤ መጥፎው ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፣ የመውደቅ ምርመራ። ኩባያው ውኃ ተሞልቶ ሌሊቱን ከደጅ ያድርና በማለዳ ከደረት ከፍታ፣ ማለት ከ1.2 ሜትር ያህል፣ በድንጋይ ወለል ላይ አሥር ጊዜ ይጣል። ለደጋ ገበያ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አራተኛ፣ የሙቀት ምርመራ። የፈላ ውኃ ተሞልቶ ለአሥር ደቂቃ ይከደን። ሲከፈት ክፉ ሽታ ካለው፣ አፉ ከተጣመመ ወይም ውኃው ቀለም ከያዘ ለሻይ አይሽጡት።

አምስተኛ፣ የጌጡ ምርመራ። በሥዕሉ ላይ በምላጭ ጥቂት መስመር በቁመትና በአግድም ይጫር፤ የሚለጠፍ ፕላስተር በደንብ ተጭኖበት በአንድ ጊዜ ይላጥ። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ በነበልባል አልተዘጋጀም ማለት ነው። ያልመጣውንም በሙቅ ውኃና በሳሙና ሃያ ጊዜ አሽቶ እንደገና መሞከር ይገባል።

ስድስተኛ፣ የክብደት ምርመራ። አሥር ኩባያዎች አንድ በአንድ በሚዛን ይመዘኑ። አንድ ሞልድ ያወጣቸው ኩባያዎች ክብደታቸው እጅግ የተቀራረበ መሆን አለበት። የሚለያዩ ከሆነ ፋብሪካው መኪናውን አይቆጣጠርም፤ የቀረው ሸቀጥም አይታመንም። የናሙናው ክብደት በግራም በውሉ ላይ ቢጻፍ፣ ከናሙናው የቀለለ ሸቀጥ ሲመጣ ለመከራከር ይረዳል።

፯. ኩባያውን ማስመጣት ወይስ እንክብሉን?

እጀታ ያለው የ300 ሚሊ ሊትር ኩባያ 40 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። እንዲህ ያለው ኩባያ እርስ በርሱ ስለማይሰካካ 33 ሜትር ኩብ ያህል በሚይዝ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚገባው ቢበዛ 40,000 ነው። የፕላስቲኩ ክብደት ሲታሰብ 1.6 ቶን ብቻ ይሆናል፤ የቀረው አየር ነው። በዚያው ኮንቴይነር እንክብል ቢጫን ግን 16 ቶን ያህል ይይዛል፤ ከዚህም 400,000 ኩባያ ይወጣል። እንግዲህ የአንዱ ኩባያ የባሕርና የየብስ ማጓጓዣ ዋጋ ወደ ዐሥረኛ ይወርዳል ማለት ነው። እጀታ የሌለውና እርስ በርሱ የሚሰካካው ኩባያ ግን በኮንቴይነሩ ውስጥ በብዙ እጥፍ ስለሚገባ ጥቅሙ የዚህን ያህል አይሰፋም።

ይሁንና ሞልዱ ከወጪው መካከል ዋናው ስለ ሆነ ሒሳቡ በብዛት ላይ የተመሠረተ ነው። ለምሳሌ የሞልዱ ዋጋ 1,000,000 ብር ነው ቢባል፣ 20,000 ኩባያ ብቻ ከተሠራበት በአንዱ ኩባያ ላይ 50 ብር ይወድቃል፤ 500,000 ከተሠራበት ግን 2 ብር ብቻ ይሆናል። በደንብ የተሠራና ጠንካራ ብረት ያለው ሞልድ ብዙ መቶ ሺህ ዙር ስለሚያገለግል፣ ዋናው ጥያቄ ያንን ያህል ገዢ የሚገኝ መሆኑ ነው። አንድ ነጋዴ ለብቻው የማይችለውን ሁለትና ሦስት ነጋዴዎች ተባብረው አንድ ሞልድ ቢያሠሩና የጌጡን ሽፋን ብቻ በየስማቸው ቢለዋውጡ፣ ሸቀጡ ተለያይቶ ወጪው ይጋራል።

ለዚህ ሥራ ኮምቦልቻ የተመቸች ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ ይደርሳታል፤ ደረቅ ወደብ አላት፤ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች፣ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ይገኙባታል። የፋብሪካ ልማድ ያለው ሠራተኛ በአካባቢው መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው። ኢትዮጵያ ፖሊፕሮፒሊን የምታመርት አገር ስላይደለች ግን እንክብሉ፣ ማስተርባቹና ሞልዱ በውጭ ምንዛሪ መምጣታቸው አይቀርም። በአገር ውስጥ የሚቀረው የሥራው ዋጋ፣ የማጓጓዣው ቁጠባና የጌጡ ምርጫ ነው። የዚህ አገር ሰው የሚወደውን የጥልፍና የሰፌድ ጥለት ከባሕር ማዶ ሠዓሊ ይልቅ የወሎ ሠዓሊ ያውቀዋል።

፰. ስለ ጤናና ስለ ሕግ

ለምግብ ዕቃ የሚውል ፕላስቲክ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ያለበት እንዲሆን በብዙ አገር ተለምዷል። ወደ አውሮፓ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 10/2011ን ማወቅ አለበት፤ በዚህ ደንብ መሠረት ከአንድ ካሬ ዴሲ ሜትር የፕላስቲክ ገጽ ወደ ምግብ የሚያልፈው ጠቅላላ ንጥረ ነገር ከ10 ሚሊ ግራም ሊበልጥ አይችልም። በአገር ውስጥም ደረጃን በሚመለከት የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትን መጠየቅ፣ ናሙናም ለኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት መስጠት ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ከጣቢያው ሥራ የተረፈ ንጹሕ ቁራጭ ተፈጭቶ በልክ ከአዲሱ ጋር ቢደባለቅ ነውር የለበትም። ከየመንገዱ የተሰበሰበ አሮጌ ፕላስቲክ ግን ምን ተይዞበት እንደ ነበረ ስለማይታወቅ ለባልዲና ለማስታጠቢያ እንጂ ለኩባያ መዋል የለበትም። እጅግ ጥቁር ወይም ድፍን ቡናማ የሆነ፣ ሽታውም የማያስደስት ኩባያ ይህን ሊሸፍን ስለሚችል በጥርጣሬ ይታይ።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ይመለከት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ አገልግለው የሚጣሉትን ፌስታሎች የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እነዚህ ሕጎች ዒላማ ያደረጉት ወዲያው የሚጣለውን ከረጢት ቢሆንም፣ ለኩባያ ነጋዴም መልእክት አላቸው። በሁለት ወር ተሰንጥቆ ከጓሮ የሚጣል ኩባያ በምንም ስም ቢጠራ ከሚጣል ፌስታል ብዙ አይሻልም፤ አሥር ዓመት የሚያገለግል ኩባያ ግን ለቤቱም ለአገሩም ይጠቅማል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ ሲጠቃለል፣ አስመጪው በትእዛዙ ላይ ስድስት ነገሮችን ማስፈር ይገባዋል፤ እነርሱም የፕላስቲኩ ዓይነት፣ የኩባያው ክብደት በግራም፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የጌጡ አሠራር፣ የፀሐይ መከላከያ መጨመሩና ለምግብ የሚስማማ ስለ መሆኑ የሚያረጋግጥ ሰነድ ናቸው። እነዚህ በጽሑፍ ከሰፈሩ ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ወይም ለምን ዝቅ እንዳለ ራሱ ይገለጣል። ባለ ሱቁም ከአዲስ ካርቶን ሁለት ኩባያ ሰብሮ ቢመረምር የሚያጣው የሁለት ኩባያ ዋጋ ነው፤ ሳይመረምር ቢሸጥ ግን የሚያጣው ደንበኛውን ነው። ኩታበር ባለች ትንሽ ሱቅ የተሸጠ አንድ ኩባያ በየማለዳው ከገዢው እጅ ይገባል፤ በየማለዳውም ስለ ሻጩ ይመሰክራል።